የድርጅትን ቀለም ከጆንያ እስከ ታፔላ አንድ አድርጎ ለመያዝ

በወሎ ገበያዎች ዕቃ በስሙ ብቻ ሳይሆን በመልኩም ይጠራል። የባቲ የሰኞ ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪው ተቀላቅሎ የሚገበያይበት ስለሆነ፣ በጆንያ ላይ የታተመውን ጽሑፍ የማያነብ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚያነብ ሸማች «ባለ አረንጓዴውን ስጠኝ» ቢል የሚያስገርም አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሸማች የድርጅቱ ስም ቀለሙ ነው። አረንጓዴው በዚህ ወር ጠቆር ብሎ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ፈክቶ ከመጣ ዕቃው ተለውጧል ወይም ተመሳስሎ ተሠርቷል ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ኮምቦልቻ ላይ የስንዴ ዱቄት የሚያመርት፣ ምርቱንም በደሴ፣ በሐይቅ፣ በወልድያና በባቲ የሚያከፋፍል መካከለኛ ፋብሪካ አለ እንበል። የዚህ ፋብሪካ ቀለም በጆንያው፣ በአይሱዙው ጎን፣ በማከፋፈያ ሱቁ ታፔላ፣ በሠራተኛው ጋዋን፣ በደብዳቤው ራስጌና በቴሌግራም ገጹ ላይ ይታያል። እነዚህን የሚሠሩት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው፤ የሚሠሩበት ቁስም አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱም የራሱን ዓይን አምኖ ይሠራል። በስልክ «አረንጓዴ አድርግልን» የተባለ ሥራ ስድስት ዓይነት አረንጓዴ ሆኖ የሚመለሰው ከዚህ የተነሳ እንጂ በማንም ስንፍና አይደለም። ስለዚህ ቀለም ወጥ ሆኖ የሚዘልቀው ዲዛይነሩ ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ በቁጥር ተጽፎና በናሙና ተቆርጦ ሲቀመጥ፣ የሚጠብቀውም ሰው ሲመደብለት ነው።

ምርጫው

ብዙ ድርጅቶችን የሚያስቸግራቸው የቀለም ማነስ ሳይሆን የቀለም መብዛት ነው። ለምሳሌ ለያዝነው ፋብሪካ አምስት ቀለም በቂ ነው፤ እነሱም ዋናው ቀለም ጥቁር አረንጓዴ፣ አጋዡ የደረሰ ስንዴ የመሰለ ወርቃማ ቢጫ፣ ለመደብ የሚሆኑ ነጭና ክሬም፣ ለጽሑፍ ደግሞ ወደ ጥቁር የተጠጋ ግራጫ ናቸው። ከዚህ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ቀለም በጆንያ ማተሚያው ላይ ተጨማሪ ፕሌት (ቀለሙ የሚታተምበት ቅርጽ) እና ተጨማሪ ወጪ ከመሆኑም በላይ፣ በየቦታው መጠበቅ ያለበት አንድ ተጨማሪ ነገር ነው።

ከመወሰን በፊት በሰኞ ገበያም ሆነ በደሴ ፒያሳ ዙሪያ ያሉ የእህልና የሸቀጥ ሱቆችን እየዞሩ የተፎካካሪዎችን ጆንያና ታፔላ ፎቶ ማንሳት፣ ፎቶዎቹንም በአንድ ገጽ ደርድሮ መመልከት ያስፈልጋል። የሚፈለገው የሚያምረውን ቀለም መለየት ብቻ ሳይሆን ያልተያዘውን ማግኘት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ቅርንጫፍ ፊደሉ ሳይነበብ ከሩቅ የሚያስለየው ሐምራዊው መሆኑን ማንም የደሴ ነዋሪ ያውቃል፤ ከጎኑ የሚከፈት ሌላ ባንክ ሐምራዊ ቢመርጥ የሚያስተዋውቀው ራሱን ሳይሆን ጎረቤቱን ይሆናል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን አንድ ላይ መደርደር የሚወድ ባለሀብትም ብዙ ነው። ሦስቱ በአንድነት የሚያስታውሱት ሰንደቅ ዓላማውን እንጂ ድርጅቱን ስላልሆነ፣ በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን ጨርሶ መተው ይሻላል። ቀይን ለሁሉም ነገር መጠቀም የለመደ ባለቤት ይህን ሲሰማ ደስ ላይለው ይችላል፤ ዲዛይነሩ ግን በዚህ ቦታ ላይ ሳይለሳለስ መከራከር አለበት።

ቀለም በሕግም ፊት ዋጋ አለው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ሊሆኑ ከሚችሉ ነገሮች መካከል ቀለምን ይጠቅሳል። ስለዚህ የቀለሙ ምርጫ ማመልከቻው ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት፤ በአንድ አረንጓዴ አመልክቶ በሌላ አረንጓዴ መነገድ በኋላ ለሚነሳ ክርክር በር ይከፍታል።

ቁጥሩ

ስልክና ኮምፒዩተር ቀለምን የሚሠሩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በመቀላቀል ሲሆን፣ የእያንዳንዱ መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ማተሚያ ቤት ግን በወረቀት ላይ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም በመቶኛ እየለካ ያትማል። ብርሃን የሚያወጣው ሁሉ በቀለም አይወጣም፤ በስልክ ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወርድ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም በስክሪን የሚያምረውን መርጦ ኋላ እንዲታተም ከመታገል ይልቅ፣ ቀለም የማውጣት አቅሙ ጠባብ ከሆነው ቁስ ጀምሮ መምረጥ ይበጃል። ለዱቄት ፋብሪካ ያ ቁስ ጆንያው ነው። ጆንያው ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ካጸደቁ በኋላ የስክሪኑን ቁጥር ወደዚያ ማቅረብ ቀላል ነው፤ የስክሪኑን ወደ ጆንያው ማምጣት ግን ብዙ ጊዜ የማይቻል ነው።

የምሳሌያችንን አረንጓዴ በስክሪን 22፣ 88፣ 72 ብለን እንመዝግበው፤ በድረ ገጽ ሠሪዎች ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ይህ 165848 ይሆናል። ለወረቀት ሲያን 85፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 70፣ ጥቁር 40 ብለን እንጀምራለን፤ ይህ ግን መነሻ እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ በሚታተምበት ማሽንና በሚታተምበት ወረቀት ላይ ተሞክሮ ይስተካከላል። ወርቃማው ቢጫ በስክሪን 232፣ 176፣ 64፣ በወረቀት መነሻው 5፣ 32፣ 85፣ 0 ይሁን። ከተቻለ ለሁለቱም የፓንቶን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል። ይህ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የቀለም መለያ ሥርዓት ማተሚያ ቤቱ አዲስ አበባም ይሁን ውጭ አገር ስለ አንድ ቀለም ሳይተያዩ ለመነጋገር ያስችላል። ለብረትና ለግድግዳ ቀለም ደግሞ ራል የተባለው፣ በ1927 እ.ኤ.አ. በጀርመን የተጀመረው መለያ በብዙ የቀለም ካታሎጎች ውስጥ ይገኛል። የፓንቶንን ናሙና መጽሐፍ ሲመለከቱ የሚያብረቀርቀውን ወረቀትና ደረቁን ወረቀት መለየት ይገባል፤ ደረቅ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ያው ቁጥር በሁለቱ ላይ የተለያየ መልክ ያሳያል።

ቁጥሮቹ ከተያዙ በኋላ የትኛው ቀለም በየትኛው ላይ እንደሚጻፍ መወሰን ያስፈልጋል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደል ደግሞ 3 ለ 1 የብርሃን ልዩነት በጽሑፉና በመደቡ መካከል ይጠይቃሉ። ለምሳሌያችን ሲሰላ፣ ነጭ ጽሑፍ በአረንጓዴው ላይ ከ8 ለ 1 በላይ ስለሚሆን ለማንኛውም መጠን ያገለግላል። ቢጫ ጽሑፍ በአረንጓዴው ላይ 4.2 ለ 1 አካባቢ ነው፤ ይህም ለፋብሪካው ስም ይሆናል፣ ለአድራሻና ለስልክ ቁጥር ግን አይሆንም። ነጭ ጽሑፍ በቢጫው ላይ 2 ለ 1 እንኳን ስለማይሞላ ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ ቢጫ መደብ ካስፈለገ የሚጻፍበት ጥቁሩ ግራጫ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚጠማዘዘው ቁልቁለት ከሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ታፔላ የሚያነብ ሰው ያለው ጊዜ በጣም አጭር መሆኑን ያሰበ ዲዛይነር ይህን ሒሳብ ለመሥራት አይሰንፍም።

ናሙናውና ቁሱ

ቁጥር ብቻውን ቀለምን አይጠብቅም። ዋናው መጠበቂያ በእጅ የሚያዝ ናሙና ነው። በእያንዳንዱ ቁስ ላይ የጸደቀው ቀለም መዳፍ በሚያህል ቁራጭ ከተዘጋጀ በኋላ ለሁለት ይቆረጣል፤ በሁለቱም ጀርባ ቀን፣ የሥራው ዓይነትና የተፈራራሚዎቹ ስም ይጻፋል፤ አንዱ በአታሚው ዘንድ፣ ሌላው በድርጅቱ ዘንድ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ትእዛዝ ጊዜ ክርክር ቢነሳ የሚፈርደው ያ ቁራጭ ነው። «ባለፈው የሠራችሁልን እኮ እንዲህ አልነበረም» የሚለው ንግግር ምንም ማስረጃ ስለሌለው ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል እንጂ ቀለሙን አያስተካክልም።

ናሙናው የሚታይበት ብርሃን ራሱ መታወቅ አለበት። በኅትመት ሥራ ቀለም የሚመዘንበት መደበኛ ብርሃን 5000 ኬልቪን የሚባለው፣ ለቀን ብርሃን የቀረበው ነው። እንዲህ ያለ መብራት በሌለበት ቢሮ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ናሙናዎቹን በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት በቂ ነው። በቢጫ አምፖል ሥር አንድ የሚመስሉ ጨርቅና ወረቀት ውጭ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። ጉም በደሴ ላይ በተኛበት የክረምት ቀን ደግሞ ውሳኔውን ሰማዩ እስኪገለጥ ማቆየት ይሻላል፤ ቀለም ማጽደቅ ለግማሽ ቀን ቢዘገይ የሚጎዳ ሰው የለም።

ጆንያው ከሁሉም የሚያስቸግር ቁስ ነው። ከፕላስቲክ ክር የተሸመነ ስለሆነ ላዩ ወጣ ገባ ነው፤ ቀጭን መስመር ይቆራረጥበታል፤ በነጠብጣብ እየሳሳ የሚሄድ ቀለምም አያምርበትም። ስለዚህ ለጆንያ የሚዘጋጀው ዲዛይን ሙሉ ቀለም ብቻ ይኑረው፤ አረንጓዴው ከአራቱ ቀለሞች ድብልቅ ከሚሠራ ይልቅ አስቀድሞ ተበጥብጦ እንደ አንድ ቀለም ይታተም። ሁለቱ ቀለሞች በትክክል እንዲገጣጠሙ ከሚጠብቅ ዲዛይንም መራቅ ያስፈልጋል፤ ጆንያ በማሽን ሲያልፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር መሸሹ ስለማይቀር፣ በአረንጓዴውና በቢጫው መካከል ነጭ ክፍተት መተው ስሕተቱ እንዳይታይ ያደርጋል። የግእዝ ፊደል ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በአረንጓዴ መደብ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ትንሽ ጽሑፍ ቀለሙ ሲንጠባጠብ የ«ጨ»ና የ«ጩ»፣ የ«ሸ»ና የ«ሹ» ልዩነት ይደፈናል፤ የአመራረት ቀንና ክብደት የመሳሰሉት ጽሑፎች በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ቢታተሙ ይመረጣል። የጆንያው ጨርቅ ራሱ አንዳንዴ ነጣ ያለ፣ አንዳንዴ ወተት የመሰለና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ስለሚመጣ፣ የጨርቁም ዓይነት በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት፤ ጨርቁ ከተለወጠ ቀለሙም መለወጡ አይቀርም።

ባነር ከጆንያ በተቃራኒ ሁሉንም ቀለም ያወጣል፤ ችግሩ እያንዳንዱ ማሽን በራሱ መንገድ ማውጣቱ ነው። አንድ ፋይል በሁለት ባነር ቤቶች ቢታተም ሁለት አረንጓዴ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ትልቁ ባነር ከመታተሙ በፊት በዚያው ማሽንና በዚያው ባነር ላይ፣ አረንጓዴውን ከነጎረቤት ቁጥሮቹ በትንንሽ ካሬዎች ደርድሮ ማሳተም፣ ከጸደቀው ናሙና ጋር የገጠመውን ካሬ ቁጥር መዝግቦ ለዚያ ቤት ብቻ መጠቀም ነው። መዝገቡ ላይ «ለዚህ ባነር ቤት» የሚል ለብቻው የተጻፈ ቁጥር መኖሩ ወጥነቱን አያፈርሰውም፤ ወጥ መሆን ያለበት የሚታየው እንጂ የሚጻፈው አይደለም። ከዚህ ሌላ ኮምቦልቻን በመሰለ ፀሐያማ ከተማ ውጭ የተሰቀለ ባነር ይገረጣል፤ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚለቁት ማጀንታውና ቢጫው ስለሆኑ የቀረው ምስል ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ከተመሳሳይ ኅትመት አንድ ቁራጭ በጨለማ መሳቢያ አስቀምጦ በየጊዜው ከተሰቀለው ጋር ማነጻጸር መቼ መቀየር እንዳለበት በግልጽ ያሳያል። አቧራውም አይረሳ፤ ነጭ መደብ ያለው ታፔላ በአስፋልት ዳር ሲውል ሲያድር ቡናማ ስለሚሆን፣ ለውጭ ሥራ አረንጓዴውን መደብ ማድረግ ይመረጣል።

ለአይሱዙውና ለብረት በሩ የሚሆነው ቀለም በቀለም ቤት ሲበጠበጥ የቅመማው መጠን በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅና ወረቀቱን ከመኪናው ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ይገባል። መኪናው ሲጋጭና አንድ ጎኑ ብቻ ሲቀባ ይህ ወረቀት ያለውና የሌለው ድርጅት ይለያያሉ። የሚያብረቀርቅ ቀለም ከደብዛዛው ጋር በመልክ ስለሚለያይ የአብረቅራቂነቱ ደረጃም አብሮ ይጻፍ።

ጋዋንና ቲሸርትን በተመለከተ፣ ጨርቅ በአንድ ጊዜ የተነከረው ብቻ ነው እርስ በርሱ በትክክል የሚመሳሰለው። ሸማኔ ለጥለቱ የሚሆነውን ክር ሳይጀምር አንድ ላይ ገዝቶ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ፋብሪካውም የዓመቱን የጋዋን ጨርቅ ከነመጠባበቂያው በአንድ ጊዜ ቢገዛ ይሻላል። በአረንጓዴ ቲሸርት ላይ ቢጫ ምልክት ሲታተም ከሥሩ ነጭ ካልተደረገለት አረንጓዴው ዘልቆ ስለሚያደበዝዘው፣ ነጩን ሥር በትእዛዙ ውስጥ ማካተት ያስፈልጋል።

ደብዳቤና ደረሰኝ ላይ የሚባለው አጭር ነው፤ ምልክቱ በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ ቅጂ ይኑረው፤ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ሰነድ ሁሉ በዚህ ይታተም። የማይክሮሶፍት ወርድ ቀለሞችን በፋብሪካው ቁጥሮች አስተካክሎ ለጸሐፊዎች ማስረከብም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ቴሌግራም ላይ ምልክቱን ለአታሚ መላክ የለመደ ብዙ ነው። በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ስለሚታመቅ ጥራቱ ይወርዳል፣ በተለይ ቀይና አረንጓዴ ጠርዞች ይቆሽሻሉ። ሁልጊዜ በፋይል መልክ መላክ፣ ለኅትመት ፒዲኤፍ፣ ለስክሪን ደግሞ ፒኤንጂ መጠቀም ይገባል። ከአሮጌ ልጥፍ ላይ ምልክቱን ቆርጦ በአዲስ ሥራ ላይ መለጠፍ በግልጽ የተከለከለ ይሁን።

ልኩና በዓሉ

አምስቱ ቀለሞች በእኩል መጠን ከተበተኑ የትኛውም አይታወስም። ዲዛይነሮች 60፣ 30 እና 10 የሚሉት ልኬት ለመነሻ ይሆናል፤ ለእኛ ፋብሪካ 60 በመቶው ነጭ ወይም ክሬም፣ 30 በመቶው አረንጓዴ፣ 10 በመቶው ቢጫ ማለት ነው። በታፔላና በመኪና ላይ ግን ከላይ በተጠቀሰው በአቧራው ምክንያት አረንጓዴው ትልቁን ድርሻ ቢወስድ አልቃወምም፤ ቢጫው ግን የትም ቦታ ከ10 በመቶ ብዙ እንዲያልፍ አይፈቀድለት።

የምርት ዓይነቶችን ለመለየት ዋናዎቹን ቀለሞች መነካካት አይገባም። የዳቦ ዱቄቱ፣ የፓስታ ዱቄቱና ለከብት የሚሸጠው ፉርሽካ ሁሉም አንድ አረንጓዴ ምልክት ይዘው፣ ልዩነታቸው ከጆንያው ግርጌ በሚያልፍ አንድ ሰፊ መስመር ይታወቅ። መስመሮቹን በቀይና በአረንጓዴ መለየት አይመከርም፤ ሁለቱን ቀለሞች ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ከወንዶች መካከል። አንዱን ወፍራም መስመር፣ ሌላውን ሁለት መስመር፣ ሦስተኛውን የተቆራረጠ ማድረግ ቀለሙ ባይለይ እንኳ ዕቃው እንዲለይ ያደርጋል፤ መጋዘን ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ለሚሠራ ወዛደርም ይጠቅማል።

በወሎ አንድ ድርጅት ለመውሊድም ለገናም፣ ለዒድም ለፋሲካም የመልካም ምኞት መልእክት ያወጣል፤ ባያወጣ ይወቀሳል። እያንዳንዱ በዓል የራሱን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ እንቁጣጣሽ በአደይ አበባው ቢጫ፣ ሌላውም በየራሱ። እዚህ ላይ የሚታየው ፈተና ምልክቱን ራሱን በበዓሉ ቀለም መቀባት ነው። በዓሉን ፎቶው ወይም ሥዕሉ ይግለጸው፤ ምልክቱ በነጭ ወይም በክሬም መደብ ላይ በራሱ አረንጓዴ፣ በተለመደው ጥግና መጠን ይቀመጥ። ለሁሉም በዓላት አንድ ዓይነት አቀማመጥ መጠቀም ሌላም ጥቅም አለው፤ ለአንዱ በዓል ደምቆ ለሌላው የቀዘቀዘ ሥራ ወጣ የሚል ቅሬታ እንዳይነሳ ያደርጋል።

ጠባቂው

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ካልሆነ አይጸናም። ሰውየው ዲዛይነር መሆን የለበትም፤ የግዢ ወይም የሽያጭ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ያለ እሱ ፊርማ ቀለም ያለበት ሥራ ለኅትመት እንዳይወጣ በሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ መረጋገጡ ነው። በእጁ ሁለት ነገር ይኑረው፤ ቁጥሮቹ፣ የተፈቀዱትና የተከለከሉት የቀለም ጥምሮች የሰፈሩበት አንድ ገጽ መመሪያ፣ እንዲሁም የተፈረመባቸው ናሙናዎች ያሉበት ክዳን ያለው ሣጥን። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ለወዳጁ ባነር ቤት በስልክ ማዘዝ ከጀመረ ግን ደብዳቤውም ሣጥኑም ከንቱ ይሆናሉ፤ ይህ ደንብ ከላይ ካልተከበረ ከታች የሚያከብረው አይገኝም።

ቀለሙን የግድ መለወጥ ሲያስፈልግ ለውጡ በቅደም ተከተል ይሂድ። ስክሪን ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ወጪ የለውምና። ጆንያው ግን በእጅ ያለው ክምችት እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልገዋል፤ አዲሱ ወደ ገበያ የሚገባውም በአንድ ከተማ ያለው አሮጌው ሲያልቅ በከተማ በከተማ ነው፤ ወልድያ ላይ ከተጀመረ ወልድያን ጨርሶ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያ ወደ ደሴና ባቲ። በአንድ ሱቅ ደጃፍ አሮጌውና አዲሱ ጆንያ ጎን ለጎን እንዳይቆሙ አከፋፋዩ የቀረውን አሮጌ ጆንያ እንዲመልስ ቅናሽ ሊሰጠው ይችላል። መኪኖቹ የሚቀቡት ጆንያው በሁሉም ከተማ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ጋዋኑ በሚቀጥለው የጨርቅ ግዢ፣ የደብዳቤ ወረቀቱ ደግሞ የታተመው ሲያልቅ ይከተላል። የአሮጌው ቀለም ናሙናዎች «የማይሠራበት» ተብሎ ተጽፎባቸው በሌላ ፖስታ ይታሸጋሉ እንጂ አይጣሉም፤ በገበያ ላይ የቀረ ጆንያ የፋብሪካው መሆን አለመሆኑ ሲጠየቅ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው።